ባለቤቴ የበሩን እጀታ የያዘችበት ቀን

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ዛሬ መመስከር እፈልጋለሁ፤ መጀመሪያ ግን የበፊቱን ምስክርነቴን ላፍርስ። አምና እዚሁ መድረክ ላይ ቆሜ «ጌታ ከአረቄ ነጻ አወጣኝ» ስላችሁ እልል አላችሁ አይደል? ውሸቴን ነበር! የዚያን ዕለትም ጠጥቼ ነው የመጣሁት። አጉረምርሙ፣ ይገባኛል።

ታውቁኛላችሁ፣ ጫኖ ላይ የሙዝ ደላላ ነኝ፤ የምበላው በምላሴ ነው። ቤቴም ውስጥ ያው ነበርኩ። በመጨረሻ ባለቤቴ አስቴር ሆስፒታል፣ ሱስ ወደሚታከምበት ክፍል ወሰደችኝ። ልንገባ ስንል «ስማ፣ ዛሬም ከዋሸህ ልጆቼን ይዤ ወደ ኦቾሎ፣ አባቴ ቤት እወጣለሁ። አልመለስም» አለችኝ። አስቴር ደግሞ ወሬ አታበዛም፤ አለች ማለት አለች ነው።

አማካሪዋ ልጅ እግር ሲስተር ናት። ደብተሯን ገልጣ «ጋሼ፣ መጨረሻ የጠጡት መቼ ነው?» አለችኝ። እኔ ምኔ ሞኝ ነው! ስብከቴን ለቀቅኩት። «እህቴ፣ እኔ እኮ ጌታ ነጻ ያወጣኝ ሰው ነኝ። እሷ ናት ዝም ብላ የምትጨነቀው።» ሲስተሯ አላቋረጠችኝም። አስጨረሰችኝና ያንኑ ደገመችው።

«እሺ ጋሼ። መጨረሻ የጠጡት መቼ ነው?»

ስብከቴን ልደግም አፌን ከፈትኩ። አስቴር ነጠላዋን አጣፋችና ተነሳች። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። የበሩን እጀታ ያዘች። ወገኖቼ፣ ያ ምላሴ ያን ጊዜ ከዳኝ! በልቤ «ኢየሱስ ሆይ፣ አንዴ እንኳ እውነት አናግረኝ» አልኩ።

«ዛሬ ጠዋት» አልኩ። «አረቄውን የሞተሬ ወንበር ስር በውሃ ፕላስቲክ ደብቄዋለሁ። ሽታውን በማስቲካ ሸፍኜ ነው የገባሁት።»

ሃሌሉያ! አስቴር እጀታውን ለቀቀች። ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠች። ሲስተሯም «እንኳን ነገሩኝ ጋሼ። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሊያንቀጠቅጠው፣ ሊገድለውም ይችላል። አሁኑኑ ሐኪም ይይዎት» አለችኝ። ውሸቴ ሊቀብረኝ ነበር እኮ፣ ጌታ ግን አወጣኝ!

ዛሬ ተፈወስኩ ብዬ አላስጨበጭባችሁም። ገና ሕክምና ላይ ነኝ፤ ሐሙስ ሐሙስ ሲስተሯ ጋ እሄዳለሁ። ግን ዛሬ ጠዋት አልጠጣሁም! ክብር ለእርሱ ይሁን! እንደ እኔ ደብቆ የተቀመጠ ካለ ጌታን ይመነው፤ እውነቱን ይዞ የመጣን ሰው አይገፋም።

እኔን አትመኑ፣ ግዴለም። ያቻትና አስቴር፣ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ፣ ልጆቻችንን ይዛ። እሷን ጠይቋት።