ካሮቱን ያሳሳሁበት ጠዋት

ከሱዳኑ ጦርነት በፊት በነበረው የመጨረሻ የብርድ ወቅት ካርቱም፣ ካፉሪ በሚባል ሰፈር፣ ሐጃ በሚሏቸው በአንዲት አዛውንት ቤት እሠራ ነበር። ከወሎ ስመጣ በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቄ ነው። ሐጃ ይህን ሰምተዋል፤ ግን ጠይቀውኝ አያውቁም፤ እኔም አንስቼው አላውቅም።

የመጨረሻ ልጃቸው ከሞተ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት ዕቃውን ሲያነሱ አንድ እሽግ የካሮት ዘር አገኙ። ጓሮ ሊዘራው ገዝቶት ሳይዘራው የሄደ ነው። «እኔ እዘራለታለሁ፤ ለሙት ዓመቱ ሰደቃም ከዚሁ ካሮት ሰው ይበላለታል» አሉ።

መደቡን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። የዚያ ሰፈር አፈር ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል፤ ካሮት ደግሞ ጓል ከገጠመው ይጣመማል። ከስንዝር በላይ ቆፍሬ፣ ጓሉን በእጄ እያደቀቅሁ፣ የወንዝ አሸዋ ቀላቀልሁበት። ትኩስ ፍግ አላስገባሁም፤ ሥሩን እንደ እግር ለሁለት ይከፍለዋል። ዘሩን ግን ሐጃ በእጃቸው ዘሩት። አንዲት ፍሬ ሳያስቀሩ እሽጉን በሦስት መስመር አራገፉት። እንደበዛ አይቼ ዝም አልሁ።

በቀለ። እንደ ፀጉር ጥቅጥቅ ብሎ በቀለ። ሐጃ በየጠዋቱ ዱካቸውን፣ ያችን ትንሽ በርጩማ፣ አስወጥተው አጠገቡ ይቀመጡ ጀመር። «ማንም እንዳይነካብኝ» አሉ። ከመካከሉ እየተነቀለ ካልሳሳ ከሥሩ ከክር የወፈረ ነገር እንደማይገኝ፣ በሰደቃውም ቀን ባዶ መደብ እንደሚቆፍሩ አውቅ ነበር። ግን ልጇ የሞተባትን እናት የልጅሽን ቡቃያ እንንቀለው እንዴት ይባላል? ሐዘንተኛ ፊት ቃል አይበዛም ተብዬ ነው ያደግሁት። ሁለት ሳምንት በዝምታ አለፈ።

አክስቴ ከጎን ባለው ቪላ ትሠራለች። ልብስ ስናሰጣ በግንቡ አሻግሬ ነገርኋት።

«አራት ዓመት የተማርሽው ዝም ለማለት ነው?»

«ቢከፋቸውስ?»

«ወላሂ፣ አንቺ ልጅ ቤቱ ሲቃጠልም እሳቱን አስፈቅደሽ ነው የምታጠፊው! ዛሬ ብትነግሪያቸው ዛሬ ይከፋቸዋል። በሰደቃው ቀን ግን እንግዳ ፊት ነው የሚከፋቸው።»

በማግስቱ ጠዋት ሻያቸውን ይዤ ወጣሁና በተሰባበረ ዐረብኛዬ ነገርኋቸው። ሐጃ ቡቃያውን እንጂ እኔን አላዩም።

«ልጄ ያመጣውን ልትነቅይ?»

 ብርጭቆውን አስቀምጬ ወደ ማድቤት ተመለስሁ። ቀኑን ሙሉ አላነጋገሩኝም፤ ያባርሩኛል ብዬ ሻንጣዬን በዓይኔ ፈለግሁት።

በሦስተኛው ቀን ከጓሮ ጠሩኝ። «ያ ቢቲ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ እስከዚያ ቀን እንዲህ ብለው ጠርተውኝ አያውቁም። ዱካቸውን አዙረው ጀርባቸውን ለመደቡ ሰጥተዋል።

«አንቺ ንቀይ። እኔ ግንቡን እያየሁ እቀመጣለሁ።»

የሚቀሩት ሥሮች እንዳይናወጡ አፈሩን አራስሁ። ከዚያ በሁለት ጣት ርቀት አንድ አንድ እያስቀረሁ ደካማ ደካማውን ነቀልሁ። ከእያንዳንዱ የካሮት ሽታ ይወጣል። ሐጃም ሳይሸታቸው አልቀረም፤ የመጎናጸፊያቸውን ጫፍ ወደ አፍንጫቸው ወሰዱ።

«ጨረስሽ?»

«ገና ነው፣ ሐጃ።»

«ቀስ በይ። አትቸኩይ።»

ስጨርስ ዞረው የሳሳውን መስመር አዩ። ውኃ ማጠጣቱንም ከዚያን ቀን ጀምሮ ለእኔ ተዉልኝ።

በሰደቃው ዋዜማ መንቀል ጀመርን፣ በማግስቱ ማለዳም ቀጠልን። ከዳርና ከዳር መስመሮቹ ቀጥ ያለ፣ ለስላሳ ካሮት ወጣ። ይበልጥ ተጠቅጥቆ ከነበረው ከመካከለኛው መስመር ግን እርስ በርስ እንደ ገመድ የተጠማዘዙ ወጡ፤ ሳልናገር የቆየሁባቸው የሁለቱ ሳምንታት ዋጋ ነበሩ። ሐጃ አፈራቸውን እየጠረጉ ሁሉንም በአንድ ትሪ ደረደሩ።

መደቡ ላይ ሁለት ሲቀሩ እጄን ያዙኝ።

«እነዚህን ለዘር እንተዋቸው። ለሚመጣው ዓመት ዘራቸውን እንዘራለን።»

ጨልሞ የከረመ ፊታቸው በራ። እሺ ማለት እንዴት ቀላል ነበር! ግን ይህ የካሮት ዓይነት አበባ የሚያወጣው ብርቱ ብርድ ሲያገኘው ነው፤ የካርቱም ብርድ አይበቃውም።

«ሐጃ፣ እዚህ አገር ዘር አይሰጡም» አልኋቸው። «ብንተዋቸው ሙቀቱ ሲመጣ ደርቀው ይቀራሉ።»

«ጭራሽ?»

«ጭራሽ፣ ሐጃ።»

እጄን ለቀቁት። ትሪውን ወደ መደቡ አስጠጉ።

«ያላ፣ ንቀያቸው» አሉኝ። «ሰዎቹ ከዙህር ሶላት በኋላ ይመጣሉ።»