የአለምነሽ ጠማማ እጅ

አለምነሽን ባሏ በትልቁ የብሎን መፍቻ አንጓዋ ላይ ሲመታት ድምፁ እኔ ጎማ ከምለጥፍበት ድረስ ተሰማኝ። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማውን ታውቃላችሁ፤ እንደዚያ ነው። ያን ጊዜ ባልና ሚስቱ ከመንገዱ ማዶ፣ ወደ ቱላ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ በአንድ ጋራዥ ይሠሩ ነበር። ባሏ ምንያህል መካኒክም የጋራዡ ባለቤትም ነው፤ እሷ የመኪና ኤሌክትሪክ ትሠራለች። ጥፋቷ ምን ነበር ቢባል፣ እሱ ሞቷል ብሎ የፈረደበትን ዲናሞ ደንበኛው ፊት ከፍታ ጠገነችው። ይኸው ነው። ለዚህ ተብሎ የሰው አጥንት ይሰበራል?

እኔ ሰኢድ እባላለሁ፤ ጎሚስታ ነኝ። የአለምነሽን ነገር የማወራችሁ አዝኜላት አይደለም። እሷ የሚያዝንላትን ሰው አትወድም፣ እኔም ከእሷ ጋር መጣላት አልፈልግም። ሰፈሩ ነገሩን አሳንሶ ሲያወራው ስለሚያናድደኝ ነው።

እናቷ የሚኖሩት ቡሹሎ ነው። ጤና ጣቢያ እንውሰዳት ብንል «ወጌሻ ይሻላል» ብለው ወሰዷት። ወጌሻው አሸ፣ ጎተተ፣ በቀርከሃ አሰረ። እንዳትጮህ ነጠላዋን ነክሳ ነበር አሉኝ እናቷ። አጥንቱ ገጠመ፤ ግን ተጣሞ ገጠመ። እጇ አንጓው ላይ የማንም እጅ ወደማይታጠፍበት፣ ወደ ውጭ ይታጠፋል። መጀመሪያ ያየው ሰው ዓይኑን ያዞራል።

ከዚያ ሽማግሌ ተላከ። በግ ታረደ፣ «ባልና ሚስት ከአንድ ባህር ይቀዳል» ተባለ፣ ተጸለየ። ምን እንደተፈጠረ አንድም ሰው አልጠየቀም፤ ሁሉም «ተናዶ ነው» አለ። እሷም ተመለሰች። ብዙም ሳይቆይ ሆዷን በእርግጫ መታትና የያዘችው ፅንስ ወረደ። ደሙ እግሯ ላይ ሳይደርቅ የሥራ ሣጥኗን በግራ እጇ አንጠልጥላ አስፋልቱን ተሻገረች፣ ከጎማዎቼ አጠገብ ቁጭ አለች።

«ይቺን ጥግ ልያዛት?» አለችኝ።

«ያዣት» አልኳት።

መልአክ አድርጌ አልነግራችሁም። ቁጡ ናት። አንድ የባጃጅ ሹፌር ወገቧን ቢነካት በባትሪ ገመድ ፊቱን ገርፋዋለች፤ ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ፣ በእኛ በር ሲያልፍ ጡሩንባ አይነፋም። እኔንም ሬዲዮ አስጮህክ ብላ ካቻቢቴ ወርውራብኛለች። ስታኛለች፤ ወይም ልትስት ፈልጋ ይሆናል።

ቀይዋ መኪና የመጣችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ባለቤቷ ክብሩ ሐይቅ ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ ይሠራል፤ መኪናዋን ለሙሽሮች ያከራያል። ባለ ሁለት በር፣ ሆዷ መሬት ልትነካ የደረሰ፣ በዕድሜ ክብሩን የምትበልጥ ስፖርት መኪና ናት። ቁልፍ ሲዞር ጠቅ ትላለች እንጂ አትነሳም። የሞተው ሞተሪኖው ነበር፤ ያ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ዕቃ። የሌላ መኪና ሞተሪኖ ቢሆን ሻይ ሳይቀዘቅዝ ይፈታል። የዚህችኛው ግን ከሞተሩ ጀርባ፣ ከጋቢናው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ነው የተቀመጠው። የላይኛውን ብሎን ዓይን አያየውም። ከሥር ተኝቶ፣ እጅን እስከ ብብት አስገብቶ፣ በዳበሳ መፈለግ ነው። አለዚያ ግማሹን ሞተር ማውረድ ነው።

ክብሩ መጀመሪያ የወሰዳት ምንያህል ጋ ነበር። ምንያህል እጁን አስገባ፣ ቆዳውን አስልጦ አወጣ። በመዶሻ ቀጠቀጠ፣ በብረት ፈነቀለ፣ ብሎን ሰበረ፣ መኪናዋን ከነእናቷ ሰደበ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ይስቅበት ጀመር። በመጨረሻ ክብሩ «ተወው በቃ» ብሎ መኪናዋን በሰው አስገፍቶ አስፋልቱን አሻገራትና አለምነሽ ፊት አቆማት። ምንያህል ከበሩ ላይ ሆኖ ያይ ነበር። እኔ ደግሞ እሱን አያለሁ። ፊቱ አልተለወጠም፤ መዶሻውን ግን ከእጁ አላስቀመጠም።

አለምነሽ የባትሪውን ገመድ ነቀለች፣ ከሥር ተኛች፣ ጠማማ እጇን አስገባች። የሌላው ሰው እጅ የሚቆምበት ብረት ጋ ሲደርስ የእሷ ወደ ውጭ ታጠፈና አለፈ።

«አገኘሁት» አለች ከሥር። ክብሩ እልል ሊል ምንም አልቀረው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ መኪና ማንሻው ክሪክ አይታመንም። እኔ ባለሁበት ሰው መኪና ሥር ከተኛ፣ ሁለት አሮጌ ቸርኬ፣ ጎማ የወጣላቸው ክብ ብረቶች፣ ደራርቤ ከጎኑ አስገባለሁ። መኪናው ቢወርድ ብረቱ ይሸከመዋል። ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ለቀይዋም የፊት ጎማዋን ፈትቼ፣ በክሪክ አንስቼ፣ ቸርኬዎቼን አስገብቼ ነበር።

በማግስቱ አዲሱን ሞተሪኖ ትገጥም ጀመር። የቀራት ያ የማይታየው ብሎን ብቻ ነው። ጀርባዋ መሬት ላይ፣ እጇ እስከ ብብቷ ሞተር ውስጥ። ምንያህል አስፋልቱን ተሻግሮ መጣ። ሰላም እንኳ አላለም። ክሪኩን በእርግጫ መታው።

መኪናዋ ወረደች። ቸርኬዎቹ ጮኹ፣ ግን ያዙ። ከደረቷ በላይ ስንዝር የማይሞላ ክፍተት ቀረ። ክርኗ መሬቱን መታ፣ ክንዷ በብረት መካከል ተቀርቅሮ ቆዳው ተላጠ። ደሟ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ሲንጠባጠብ አየሁ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚሉት ይሄ ነው፤ መኪናዋ ብታሸንፈው ሴቲቱን ሊገድል መጣ።

የጎማ መፍቻው ብረት በእጄ ነበር። አፉን መታሁት። ጥርሱ ረገፈ። ሊነሳ ሲል ደገምኩት፤ ክብሩና የሻይ ቤቱ ሰዎች ባይዙኝ እሠልስ ነበር። እኔን የያዙኝም ለራሳቸው ተራ ፈልገው ኖሯል፤ መሬት ላይ እያንከባለሉ ረገጡት። ለዚህ ታስሬ ተፈትቻለሁ። ወላሂ አልጸጸትም።

ከዚያ ሁሉ ግርግር ሥር የአለምነሽ ድምፅ መጣ።

«ሰኢድ፣ ክሪኩን መልሰው።»

መለስኩት። «በይ ውጪ» አልኳት።

«አልወጣም። ብሎኑ ገና ጥርስ መያዙ ነው፤ ከለቀቅሁት ይወድቅብኛል።»

«ደምሽ እየፈሰሰ ነው እኮ።»

«ይፍሰስ። ዝም በል።»

አጥብቃ ጨርሳ ወጣች። ክንዷን በክብሩ ሸሚዝ ጠቀለልንላት። የባትሪው ገመድ ተመለሰ፣ ክብሩ ቁልፉን አዞረ፣ መኪናዋ ተነሳች። አለምነሽ ያለቀሰችው ያኔ ነው። ከሕመሙ አይደለም፤ ንዴት ነው።

ከዚያው በቀጥታ ጣቢያ ሄዳ ሊገድለኝ ሞከረ ብላ ከሰሰች። ምንያህል በዋስ ወጣ። የፈሩት ይደርሳልና ሽማግሌ ደግሞ ተላከ። ሦስት ነበሩ፤ ዋናው በጉ የታረደ ጊዜ የነበሩት አቶ ሽበሺ ናቸው። ምንያህልን ከኋላቸው አስከትለው ግቢያችን ገቡ። የመጡት ክሱን አንሺ ሊሏት ነው። ክሱን ካነሳች ምንያህል አስፋልት ማዶ ሆኖ ጊዜ ይጠብቅላታል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ቸርኬ አይኖርም። ይህን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ቀይዋ መኪና ስትወርድ ታችዋ ተጣሞ ስለነበር፣ ጎማዋ ተገጥሞላት ላሜራ ሠሪ እየጠበቀች እዚያው ቆማለች።

«ልጄ» አሏት አቶ ሽበሺ፣ «ሳያስበው ነው። እግሩ ክሪኩን ነካ አደረገው እንጂ ክፋት የለበትም። ጌታም ይቅር በሉ ብሏል። ክሱን አንሺልን።»

አለምነሽ ክንዷ በፋሻ እንደተጠቀለለ ተነሳች። «አባቴ፣ እርስዎም ሲዳማ ነዎት፣ እኔም ነኝ። በአፊኒ የምንታረቅ ሰዎች ነን። የበደለ እውነቱን ተናግሮ፣ ‹ሰማችሁ?› ተብሎ፣ ‹ሰምተናል› ካልተባለ እርቅ የለም። ባለፈው ሳትሰሙ ነው ያስታረቃችሁኝ።»

ሦስቱንም በየተራ አየቻቸው።

«ዛሬ ስሙ። ነካ ብቻ ከሆነ ክሱን አነሳለሁ።»

ክሪኩን መኪናዋ ሥር አስገብታ በደህናው እጇ አነሳቻት። ቸርኬዎቼን ላስገባ ስል «ተው» አለችኝ። ተውኩ። ወደ ምንያህል ዞረች።

«ተኛ።»

«እብድ ናት» አለ ምንያህል ለሽማግሌዎቹ።

«ምን አስፈራህ? ነካ ነው የማደርገው፤ አንተ እንዳደረግከው።»

አልተኛም። ያስገደደውም የለም። አለምነሽ ክሪኩን በጫማዋ ጫፍ ነካ አደረገችው። ምንም አልሆነ። ደግማ ነካችው። መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም። ከዚያ ወደኋላ ብላ ባላት ጉልበት ሁሉ ረገጠችው። ክሪኩ ተፈናጥሮ አጥሩን መታ፣ መኪናዋ ዘጭ አለች፣ አቧራው የሽማግሌዎቹን ልብስ ሞላው። ከመኪናዋ ሆድ ሥር ድመት የምታልፍበት ክፍተት አልቀረም።

ክብሩ «መኪናዬን» ብሎ ራሱን ያዘ። የሰማው የለም።

አቶ ሽበሺ አቧራውን እንኳ ሳያራግፉ ወደ ምንያህል ዞሩ። «የትኛው ነው?»

ምንያህል አጥሩ ሥር የወደቀውን ክሪክ አየ።

«በአፊኒ ነው የምጠይቅህ፤ በአፊኒ አይዋሽም። የመጀመሪያው ነው ወይስ የኋለኛው?»

«የኋለኛው» አለ።

«እጇንስ?»

«አውቄ ነው።»

አለምነሽ ጠማማ እጇን ወደ ሽማግሌዎቹ ዘረጋች። «ሰማችሁ?»

«ሰምተናል» አሉ ሦስቱም።

ክሱ አልተነሳም። ምንያህል ፍርድ ቤት ቀርቦ የተናገረውን ሲክድ፣ የመሰከሩበት እነዚያው ያመጣቸው ሽማግሌዎች ናቸው። አቶ ሽበሺ ዳኛው ፊት ቆመው «የነካና የረገጠ ሰው ልዩነቱን በዓይናችን አይተናል» አሉ። ተፈረደበት። የማዶው ጋራዥ በር አሁን ዝግ ነው።

አለምነሽ እዚሁ ከእኔ ጎን ትሠራለች። መኪና ሥር ከመግባቷ በፊት ክሪኩን በጫማዋ ጫፍ ነካ ታደርገዋለች። ከዚያ ያቺን እጇን ወደ እኔ ትዘረጋለች፤ ቸርኬዎቼን አቀብላታለሁ።