«ነጠቅኩ» ያለው ተሸካሚ

ወልደሰንበት ጠዋት ጠዋት ከኮተቤ በላይ ካለው ቤቱ ወርዶ ላምበረት መናኸሪያ ሲደርስ መጀመሪያ ጆንያውን አጥፎ ግራ ትከሻው ላይ ያስራል። ከዚያ አውቶቡሶቹ ፍሬን የሚይዙበት ጥግ ላይ ይቆማል። ዕድሜው ስድሳ ሊደፍን ነው፤ ጉልበቱ ከድቶታል፤ ቦታ በመምረጥ ግን የሚበልጠው የለም።

በመናኸሪያው ተሸካሚዎች ዘንድ ወረፋ የሚባል ነገር አይታወቅም። የመንገደኛውን ዕቃ ቀድሞ የያዘ፣ ሥራው የእሱ ነው። ይህንንም «መንጠቅ» ይሉታል። «ዛሬስ ነጠቅህ?» ማለት ሰላምታቸው ነው። የነጠቀ ደግሞ ቶሎ መራመድ አለበት፤ ቆሞ ዋጋ የሚነጋገር ይነጠቃል።

ማክሰኞ ዕለት ከደሴ የመጣችው ነጋዴ ሰዓዲያ ይህን አታውቅም። ገና ከአውቶቡሱ ስትወርድ አንድ ሽማግሌ ሻንጣዋን ያዘ። «ሌባ!» ብላ ጮኸች፤ አለቅም ብላ ስትጎትት እሱም ሲጎትት ወደቀች፤ ክርኗ ተላጠ። ሽማግሌው ወልደሰንበት ሻንጣውን ተሸክሞ ታክሲዎቹ ጋ ደርሶ ዞር ሲል ፖሊስ ክንዱን ይዞታል።

ጣቢያ ቃሉን የተቀበለችው ሳጅን ሔራን ናት፤ በዕድሜ ልጁን ታክላለች።

«አባቴ፣ ያለመናገር መብት አለዎት። የሚናገሩት ፍርድ ቤት በማስረጃነት ሊቀርብብዎ ይችላል።»

«ዝም የሚል ሌባ ነው! ጻፊ፣ ልጄ። ነጠቅኩ። አልሰረቅኩም። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ፣ ከይድነቃቸው ቀድሜ ነጠቅኩ።»

እስክሪብቶዋ ቆመ። «ይድነቃቸው ማነው? ግብረ አበርዎ ነው?»

«እሱ? እሱ ሲያዛጋ አይደል የነጠቅኩት!»

ሔራን ረጋ ብላ አስረዳችው። የሰው ንብረት በድብቅ መውሰድ ስርቆት ነው። በኃይል ሲሆን ግን ውንብድና ይባላል፤ ቅጣቱም ጽኑ እስራት ነው። ከዚህ ሁሉ ወልደሰንበት የሰማው አንዷን ቃል ብቻ ነው። ዕድሜ ልኩን የሰው ዕቃ ተሸክሞ ክር ሳያጎድል፣ በስተርጅና ወንበዴ ሊባል ነው።

ጥቂት ቆይቶ ይድነቃቸው ሊመሰክርለት ከነጆንያው ከተፍ አለ። «ሳጅን፣ ጋሽ ወልዴ ሌባ አይደለም። ሲነጥቅ ግን አይቻልም! እኔን ራሴን ስንቴ ነጥቆኛል።»

«አንተ ሰው፣ ምስክርነትህ ይቅርብኝ!» አለ ወልደሰንበት።

ክርኗን በመሐረብ ይዛ አግዳሚው ላይ የተቀመጠችው ሰዓዲያ ቀና አለች። «ቆይ እስቲ። መንጠቅ የምትሉት ለመሸከም መቅደምን ነው?»

«ታዲያ ምን ይባላል፣ እህቴ?»

«ኧረ በአላህ! ‹ልያዝልሽ› ይባላል እንጂ!»

«‹ልያዝልሽ› እስክል ይድነቃቸው ይወስድብኛላ!»

ሰዓዲያ ሳትወድ በግዷ ሳቀች፤ ወደ ሔራንም ዞረች። «ትቼዋለሁ። ይልቀቋቸው።»

ሔራን ራሷን ነቀነቀች። «ሰድበውዎት ቢሆን የአቤቱታው ባለቤት እርስዎ ስለሆኑ መተው ይችሉ ነበር። በውንብድና የተጠረጠረ ሰው ግን በተበዳይ ይቅርታ ብቻ አይለቀቅም። የሚችሉት አሁን የገባዎትን በቃልዎ ላይ ማከል ነው።»

ሰዓዲያ አከለች፤ ፈረመችም። ወልደሰንበት ግን ያን ቀን ማረፊያ ቤት ዋለ። ረቡዕ ጠዋት ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ በዋስ ይውጣ አይውጣ የሚወስነው ዳኛው ነው።