የመንገዱ ሰነድ ይታየኝ

ጎረቤቴ ፉልማቲ እዚህ ሕንድ፣ ቢሃር ገጠር ልብስ እየሰፋች ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። ክረምት በገባ ቁጥር በሬ የሚሰምጥበት መንገዳችን «ተሠርቶ አልቋል» መባሉን ስትሰማ ደሟ ፈላ። የመንግሥትን መዝገብ ማንም ጠይቆ ማየት ይችላል የሚል ሕግ አለና፣ «የመንገዱ ሰነድ ይታየኝ» ብላ ለወረዳው ቢሮ ጻፈች።

መልሱን ፖስተኛ አላመጣውም። መንገዱን ሠራሁ የሚለው ተቋራጭ፣ ትሪሎኪ፣ ራሱ ሞተሩን በሯ ላይ አቁሞ የእሷኑ ማመልከቻ ከኪሱ አወጣ።

«እትዬ፣ የእጅ ጽሑፍሽ እንዴት ያምራል!» አላት እየሳቀ። «ልጅሽ ከኮሌጅ የምትመለሰው በቦዩ በኩል ነው አይደል? ጭር ያለ ነው።»

ሲሄድ «በናትሽ ተይው! ምን አገባሽ?» ብዬ ጮኽኩባት።

አልሰማችኝም። ልጇን እህቷ ዘንድ ፓትና ከተማ ሰደደችና፣ ሌላ ማመልከቻ ጻፈች፤ «ማመልከቻዬን ለተቋራጩ የሰጠው ማን ነው?» የሚል። ከግርጌው ሕጉ የሚጠይቀው አንድ መስመር ቀራት፤ መልሱ የሚላክበት አድራሻ። ትሪሎኪን በሯ ድረስ ያመጣው የፊተኛው ማመልከቻ አድራሻ ነበርና፣ እዚያ ስትደርስ ብዕሯ ቆመ።

ቀና ብላ አየችኝ። «መልሱ በአንቺ ቤት ይምጣልኝ?» አለችኝ።

ከውጭ የሞተር ድምፅ ሰማሁ። እኔም ሴት ልጅ አለችኝ።