የጣሊያኑ ሽማግሌ ሸክላ

ኮሮና የገባ ጊዜ ጆሃንስበርግ፣ ከጀፕ ገበያ ብዙም በማይርቅ አሮጌ ፎቅ ላይ ብቻዬን ነበርኩ። ልጄ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ጻካኔ የሚባል ሰፈር ሱቅ አለው፤ ድሮ ዕቃ ሊገዛ ጀፕ ሲመጣ እኔ ዘንድ ያድር ነበር። መንገዱ ከተዘጋ በኋላ ግን እዚያው ሱቁ ውስጥ እየተኛ፣ «በሽታ ይዤልሽ እንዳልመጣ፣ እማዬ» እያለ ነገራችን በስልክ ብቻ ሆነ። ወታደር መንገድ ላይ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ዝግ ነው፣ ደረጃው ላይ እንኳ ሰው ሰውን ሲያይ ይሸሻል። እኔ ደግሞ ከድሬዳዋ ናይሮቢ፣ ከናይሮቢ እዚህ ስዞር የኖርኩ ነኝ፤ አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ አላውቅበትም። ከመስኮቱ እስከ በሩ እየተመላለስኩ ከራሴ ጋር አወራለሁ፤ ወሬዬ ሲያልቅብኝ ዝም እላለሁ።

ያኔ ነው ሸክላውን የሰማሁት። ከግድግዳው ወዲያ አንድ ጣሊያን ሽማግሌ ይኖራል፤ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ራስ ከመነቅነቅ አልፈን አናውቅም። ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ ሸክላ ያዘፍናል፣ ሁልጊዜ ያንኑ አንዱን። ዘፋኙ ወንድ ነው፤ ጊታሩን ይመታና ከመዝፈን ይልቅ ሰው የሚያማ ይመስላል። ሽማግሌው ይስቃል፣ ሳቁ ይሰማኛል። መጨረሻ ላይ አንድ ቀስ ያለ ዘፈን ይመጣል፤ ያኔ ከወዲያ በኩል ሳቅ የለም፣ ምንም የለም።

ምን ልበላችሁ፣ ከምሳ በኋላ የምጠብቀው ነገር አገኘሁ። ወንበሬን ግድግዳው ሥር አስጠጋሁ። ልጅ ሆኜ ድሬዳዋ አንድ ጣሊያን መካኒክ ቤት ሳህን አጥብ ነበር። ትምህርት ቤት አልገባሁም፣ ፊደልም የቆጠርኩት ኋላ ከልጄ ደብተር ላይ ነው፤ ጣሊያንኛዬም የወጥ ቤት ነው። ከዘፈኑ ውስጥ «በር»፣ «ወንበር»፣ «ሾርባ» እየለቀምኩ የቀረውን ራሴ እሞላለሁ።

አንድ ቀን ሞቅ ያለው ዘፈን ሲመጣ እጄ አላስቻለኝም፣ አጨበጨብኩ። ሰው ሲዘፍን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ እኛ ዘንድ ነውር አይደል? እንዲሰማኝ ብዬ ደግሞ ግድግዳውን በመዳፌ እየመታሁ አጀብኩት። ሙዚቃው ቀጥ አለ።

በማግስቱ የለም። በሦስተኛውም ቀን የለም። ሞተ እንዳልል ሲያስል፣ ድስት ሲከድን እሰማለሁ። ለልጄ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ምን አደረግሽ!» ብሎ ሳቀብኝ። «እዚህ አገር ግድግዳ ሲመታ ዝጋ ማለት ነው። ረበሽከኝ ያልሽው መስሎታል።»

«እኔ እኮ እያጀብኩት ነው!»

«እሱ በምን ያውቃል? በቃ ተይው። ብቻ እንዳትወጪ።»

ወጣሁ። ማስኬን አድርጌ በሩን አንኳኳሁ። ከፍቶ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ቆመ፤ ቀጭን ነው፣ ሹራቡን ገልብጦ ለብሷል። ቃል ጠፋኝና አጨበጨብኩለት። ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ።

«ገባኝ፣ ሲኞራ! ዘግቼዋለሁ! ባስታ፣ በቃ!»

«ኖ ባስታ!» አልኩት። ሌላ ቃል ስፈልግ ያ መካኒክ ሳህኑን ሲጨርስ የሚላት ትዝ አለችኝ፤ ጨምሪልኝ ማለቱ ነበር። «አንኮራ!» አልኩ፣ ወደ ቤቱ ውስጥ እየጠቆምኩ። «አንኮራ፣ ሲኞር!»

አፉን ከፍቶ አየኝና ሳቀ። ሲስቅ ሳል ያዘው፤ ሁለታችንም ደንግጠን ወደ ኋላ ሸሸን።

ከዚያ ወዲህ በየበራችን ወንበር አውጥተን፣ ተራርቀን መቀመጥ ጀመርን። በጣሊያንኛም፣ በእንግሊዝኛም፣ በእጁም ያስረዳኛል። ለካ የሸክላው ሰውዬ የሚያሾፍ ዘፋኝ ኖሯል። አንዱ ዘፈን ሃያ ወንበር ገዝቶ አንድም እንግዳ ስላልመጣለት ሀብታም ነው። አንዱ ኒሻኑን ሲወለውል ሾርባው ስለቀዘቀዘበት ጄኔራል። አንዱ ደግሞ በአለቃው ቀብር ላይ እንዴት እንደሚያለቅስ መስታወት ፊት ስለሚለማመድ የቢሮ ሠራተኛ፤ ይሄን ሲነግረኝ የማውቃቸው አልቃሾች ሁሉ ፊቴ ድቅን አሉና እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ።

«የመጨረሻውስ?» አልኩት።

«እዚያ ሲደርስ የሚያሾፍበት ሰው አለቀበት» አለ። «ራሱ ብቻ ቀረ። ቤቱ ገብቶ የሚያወራው ሰው ይፈልጋል።»

«አገኘ?»

«ዘፈኑ ያልቃል፣ ሲኞራ።»

መንገድ ሲከፈት ልጄ መጣ። «ሁለተኛ ብቻሽን አልተውሽም። ጻካኔ፣ ከኔው ጋር ነሽ።»

«እዚህ እኮ ሰው አለኝ» አልኩት።

«ማን? ግድግዳው?» አለኝ፣ ሊያስቀኝ። ከስቷል። ስንት ወር ሙሉ ሱቅ ወለል ላይ የተኛ ልጅ ነው፤ እምቢ የምልበት አፍ አጣሁ።

ሽማግሌውን ልሰናበት ሄድኩ። መሄዴን ነገርኩት። እሱም አፉን ጠመም አድርጎ፣ ልክ እንደ ዘፋኙ በሹፈት፣ «ጥሩ፣ ከእንግዲህ ድምፁን እቀንሰዋለሁ» አለ። «ለአንድ ሽማግሌ ጆሮ ያ ሁሉ ጩኸት ምን ያደርጋል?» ልስቅለት ፈልጌ ነበር። አልቻልኩም። እሱም አልሳቀ።

ሰዓቱ ከምሳ በኋላ ነው። ልጄ ሻንጣዬን ይዞ «ታክሲው ይሄድብናል!» እያለ ቀደመኝ፤ እኔ በየደረጃው ቆም እያልኩ አዳመጥኩ። ምንም አይሰማም። ቀንሶት ይሁን፣ ጭራሽ ሳይከፍተው ቀርቶ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።