አንጎል ያለው ማተሚያ

ስለ ማተሚያዬ ብዙ አውርቻለሁ። አወቱ መንደራ ሰፈር ያለችው ሱቄ የገባ ሁሉ ሳይጠይቀኝ ሰምቷል። ከመሥሪያ ቤት ሐራጅ የገዛሁት ይህ ትልቅ ሌዘር የራሱ አንጎል አለው፤ ኮምፒውተሩ «እዚህ ፊደል፣ እዚያ ፎቶ» እያለ በሚገባው ቋንቋ ይነግረዋል እንጂ ገጹን የሚሠራው ራሱ ነው። ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያላት የጎረቤቴ ርካሽ ማተሚያ ግን ምንም አያስብም። ሥራውን ሁሉ ኮምፒውተሩ ጨርሶ ይሰጠዋል፤ የእሱ ድርሻ ወረቀት ላይ ማውረድ ብቻ ነው። «የእሷማ ደነዝ ነው» እያልኩ ደንበኛ አስቅ ነበር፤ እየሰማችኝም ጭምር።

ባለፈው ክረምት አንዲት ሴት ከየቡ ከተማ መጣች። አባቷ አርፈው ቀብራቸው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ከአስከሬኑ ፊት የሚያዝ ትልቅ ፎቶ ፈልጋ ነው።

«ወንድሜ፣ በናትህ ቶሎ በልልኝ። ሰው እየጠበቀኝ ነው።»

ፎቶውን በፍላሽ ይዛ መጥታለች፤ ያዘጋጀላት ፎቶ ቤት ከአባትየው ኋላ ደመና፣ ከደመናው ላይ መስቀል፣ ዙሪያውን ደግሞ አበባ ደርድሮበታል። ላክሁት። ማተሚያዬ ሲያጉረመርም ቆየና አባቷ እስከ አፍንጫቸው ድረስ ወጡ። ከዚያ በታች ባዶ ወረቀት። ያን ሁሉ ደመናና አበባ ራሴ ልሥራ ብሎ ሜሞሪው ሞልቶበታል።

መላውን ያኔውኑ አውቄዋለሁ። የጎረቤቴ ኮምፒውተር ገጹን ሠርቶ ይጨርሳል፣ ደነዙ ያወርደዋል። መንገዱን መሻገር ብቻ ነበር የቀረኝ። እኔ ግን «መብራቱ እየዋዠቀ ነው» አልኳትና ደግሜ ላክሁ። አሁንም እስከ አፍንጫ። ሴትዮዋ የአባቷን ግማሽ ፊት በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነችው። ስልኳ ይጠራል፣ አታነሳም። እኔ ቀለም የምቀይር መስዬ ክዳን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ሐዘንተኛ አስቁሜ እንዲህ ስቀልድ ራሴን ጠላሁት፤ ግን አላቆምኩም።

ማልቀስ ስትጀምር ነው፣ ወዴት እንደምሄድ ሳልነግራት፣ ፍላሹን ይዤ የተሻገርኩት።

«ኮቱ፣ ና ግባ። ምን ሆንክ?» አለችኝ ጎረቤቴ ኦሮምኛ ቀላቅላ።

አቀርቅሬ ነገርኳት። «አላህ ያጽናቸው» አለችና ተቀበለችኝ። ፎቶው አገጩም ክራቫቱም ሳይቀር ሙሉውን ወጣ። ስለ ደነዝ ማተሚያ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ዝናብ እንዳይነካው ብላ ፕላስቲክ ይዛ ተከተለችኝ።

ሴትዮዋ ፎቶውን ስታይ ትከሻዬን ይዛ ሳመችኝ።

«እግዚአብሔር ይስጥህ ወንድሜ። ያንተ ማሽን ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር?»

ጎረቤቴ አጠገቤ ቆማ ፎቶውን በፕላስቲክ እየጠቀለለች ነበር።

«አሜን» አልኩ።