ለሦስት ሳምንት የተዋስነው ጥራዝ

ባለፈው ሳምንት ጉልበቴን ለመታየት ሐኪም ቤት ሄጄ ተራ ስጠብቅ አጠገቤ አንድ ወጣት ነበር። ተቀምጦ ነበር ለማለት ይቸግረኛል፤ ይነሣል፣ መስኮቱ ድረስ ይሄዳል፣ ስልኩን ያያል፣ ተመልሶ ይቀመጥና እግሩን ያርገፈግፋል። አግዳሚ ወንበሩ አንድ በመሆኑ የእሱ እግር በተንቀጠቀጠ ቁጥር የእኔም ጉልበት አብሮ ይንቀጠቀጣል። በመጨረሻ ታወቀውና ይቅርታ ጠየቀኝ። ቀጥሎም «አባባ፣ እርስዎ ግን እንዴት ነው እንዲህ ረግተው የሚቀመጡት?» አለኝ። ሳቅሁ። በእሱ ዕድሜ ሳለሁ የሚያውቀኝ ሰው ይህን ጥያቄ አይጠይቀኝም ነበር።

ያን ጊዜ በንጉሡ ዘመን የሕግ ትምህርት ቤት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። የምኖረው መርካቶ፣ ጎጃም በረንዳ፣ ከእትዬ ትርፌ የገመድ ሱቅ ጀርባ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ነው። እትዬ ትርፌ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ ቃጫና ጠፍር በክንዷ እየለካች የምትሸጥ የጉራጌ ሴት ናት። ከደብረ ማርቆስ መጥቼ ማደሪያ ሳጣ ክፍሏን የሰጠችኝ እሷ ናት። ጧት ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ የተሸካሚዎቹ «ዞር በል» የሚል ጩኸት፣ የጋሪ መንኮራኩርና ከእህል በረንዳ በኩል የሚመጣው የጤፍ ብናኝ ነበር። መጻሕፍቴ ሁሉ የቃጫ ሽታ ነበራቸው። ክፍል ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጡ ልጆች «ዛሬ ደግሞ ስንት ጥቅል ሸጥክ?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

በዚያው ዓመት በእትዬ ትርፌ ላይ ክስ ተመሠረተ። ከሳሹ ጎረቤቷ፣ ጨው ነጋዴው አቶ በቀለ ነው። ሱቁ ያለበት ቦታ የአባቱ የገብሬ እንደ ነበር ተናገረ። የእትዬ ትርፌ አባት አቶ ዳምጤ ደግሞ ባለቦታ ሳይሆኑ፣ የእሱ አባት እዚያ እንዲያድሩለት ያስቀመጣቸው ዘበኛ ናቸው አለ። ሁለት ሽማግሌዎችም ቀርበው እንደዚያው መሰከሩ። ዳምጤም ገብሬም ከሞቱ ቆይተዋል፤ ወረቀት ደግሞ በሁለቱም ወገን የለም። ገበያው ከጊዮርጊስ ወርዶ እዚህ የተተከለው በጣሊያን ወረራ ዘመን ስለሆነ፣ ያን ጊዜ የተሰጠ ወረቀት ቢኖር እንኳ በነጻነት ማግሥት የት እንደገባ የሚያውቅ አልነበረም።

እትዬ ትርፌ ከችሎት ስትመለስ ሱቁን ማጣቷን አላነሣችም። ነጠላዋን አጥፋ አስቀመጠችና «አባቴ ዘበኛ አልነበረም» አለች። እኔም ሕግ ተማሪ ነኝና ደረቴን ነፍቼ «እኔ አለሁ፣ እትዬ» አልኳት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው መቀመጥ ያቃተኝ። የትምህርት ቤታችንን ቤተ መጻሕፍት ከመደርደሪያ መደርደሪያ ስፈትሽ፣ አንድ የውጭ ምሁር ስለ ከተማ ቦታ የጻፈው መጽሐፍ ግርጌ ላይ አንዲት ማስታወሻ አገኘሁ። በወረራው ዘመን የወጡ ትዕዛዞች በታተሙበት በአንድ ጥራዝ ውስጥ በአዲሱ ገበያ ቦታ የተመደበላቸው ነጋዴዎች ዝርዝር ይገኛል ትላለች። ማስታወሻዋን በወረቀት ገልብጬ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሹሟ ወደ ወይዘሪት ሰብለ ሮጥኩ። ወይዘሪት ሰብለ ከእኛ ብዙም የማትበልጥ፣ ነገር ግን ተማሪን ሁሉ «እርስዎ» የምትል፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ነበረች።

«ከእኛ ዘንድ የለም» አለችኝ ካርዶቹን አገላብጣ። «ከተማው ውስጥ ባሉትም ያለ አይመስለኝም። ከጣሊያን አገር ግን መዋስ ይቻላል።»

«አድራሻውን ይስጡኝና ዛሬውኑ እጽፋለሁ።»

«እርስዎ አይጽፉም፣ አቶ ግርማ። ለቤተ መጻሕፍት የሚጽፈው ቤተ መጻሕፍት ነው። መጽሐፉ ቢጠፋ፣ ቢቀደድ ወይም ቢዘገይ የምንጠየቀው እኛ ነን። አንድ ጊዜ ካሳፈርናቸው ከእርስዎ በኋላ ለሚመጣው ተማሪ አያውሱትም።»

ቅጹን በካርቦን ሦስት ቅጂ አድርጋ ሞላች፣ ፈረመች፣ አተመች። ይህ የሆነው በጥቅምት ነው። የእኔ ሐሳብ በኅዳር መጽሐፉ እጄ ይገባል የሚል ነበር።

ኅዳር ሲታጠን መርካቶ በቆሻሻ ጭስ ታፍኖ ዋለ፤ መጽሐፉ አልመጣም። በታኅሣሥ የመጣው መልስ «የጥራዙን ቁጥር አልገለጻችሁም» የሚል ሆነ። እንደገና ተጻፈ። በየቀኑ ጧት ከትምህርት በፊት ከወይዘሪት ሰብለ ጠረጴዛ ፊት እቆማለሁ፤ አፌን ሳልከፍት «አልመጣም» ትለኛለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በሌላ በር ገብቼ በአጋጣሚ ያለፍኩ እመስላለሁ። አውቶቡስ መጠበቅ ስለማልችል ከስድስት ኪሎ እስከ ተክለ ሃይማኖት በእግሬ እወርዳለሁ፤ ስደርስ ደግሞ ምን እንዳስቸኮለኝ አላውቀውም። እትዬ ትርፌ ቆጮ በጎመን ስታቀርብልኝ ቆሜ ስጎርስ ታየኝና «ተቀመጥና ብላ፤ ምግቡ አያባርርህም» ትለኛለች። የከሰሷት እሷን ነበር፤ የማይተኛው ግን እኔ።

መጽሐፉ የመጣው በየካቲት፣ ጾሙ ከገባ በኋላ ነው። ወይዘሪት ሰብለ ገና ከበር ስታየኝ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ወፍራም፣ ጥቁር ሽፋን ያለው፣ ጠርዙ የተበላ ጥራዝ ነበር። በውስጡ አንዲት ወረቀት ነበረች፤ ሦስት ሳምንት ብቻ፣ ከንባብ ክፍል እንዳይወጣ ትላለች። ገለጥኩት። ሁሉም በጣሊያንኛ ነው። ይህን ማወቅ ነበረብኝ፤ አራት ወር ሙሉ ስቅበዘበዝ ግን አንድም ቀን አላሰብኩበትም።

ጣሊያንኛ የሚያነብ የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ተክለ ሃይማኖት ጋራዥ ያለው ጋሼ መንገሻ። በልጅነቱ ከጣሊያን መካኒኮች ጋር ሠርቶ ቋንቋውን ከነስድቡ ተምሯል። ነገሩን ስነግረው ከአንድ ሴይቼንቶ ታክሲ ሥር ወጣና «መጽሐፉን አምጣው» አለኝ። አይወጣም አልኩት። «እንግዲያው እኔ እሄዳለኋ» አለ፤ ከቀኖቹ ሁሉ ግን ሥራ የማይበዛበትን ሲጠብቅ ሁለት ሳምንት አለፈ። እኔ በነዚያ ቀኖች ጋራዡ በር ላይ እየቆምኩ ደንበኞቹን አበሳጨሁበት። በመጨረሻ የመጽሐፉ መመለሻ ሁለት ቀን ሲቀረው መጣ። እጁን በጋዝና በሳሙና ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ በቱታው ላይ ኮት ደርቦ፣ የእንግዳ መዝገብ ላይ ፈርሞ ገባ። ከተማሪዎቹ መካከል ሲቀመጥ ክፍሉ ናፍጣ ናፍጣ ሸተተ። አንዳንዶቹ ዞር ብለው አዩት፤ እሱ ግን ጣቱን ገጹን ሳያስነካ ከላይ ወደ ታች እያወረደ ያነባል።

«ይኸው» አለ። «ዳምቴ ይላል። ዳምጤ ማለቱ ነው። ገመድ ሻጭ።» የቦታው ቁጥር ሱቁ መቃን ላይ ከተመታው የቆርቆሮ ቁጥር ጋር አንድ ነው። ከወንበሬ ልነሣ ስል እጄን ያዘኝ። «ቆይ እንጂ። መስመሩ አላለቀም። ዳምጤ እና ገብሬ ይላል። በአንድ ቁጥር ሁለት ሰዎች።»

ዳምጤ ዘበኛ አልነበረም። ገብሬም ባዶ ስም አልነበረም። ሁለቱ በአንድ ቦታ ላይ ሸሪኮች ነበሩ።

ጋሼ መንገሻን ለማንም እንዳይናገር ለመንኩት። እሱም «እኔ ያነበብኩትን አንብቤያለሁ። የምትጽፈው የአንተ ነው» ብሎ ወጣ።

ለፍርድ ቤት የሚቀርበው ከመጽሐፉ የተገለበጠና በቤተ መጻሕፍቱ ማኅተም የተረጋገጠ አንድ ገጽ ነው። በማግሥቱ ጧት ከነትርጉሙ አዘጋጀሁት። የዳምጤን ስም፣ ሥራውንና የቦታውን ቁጥር ጻፍኩ። ሁለተኛውን ስም፣ የገብሬን፣ ዘለልኩት። ለራሴ ያልኩት የእሷን አባት ስም ብቻ ነው የምፈልገው፣ ሌላው የእኔ ጉዳይ አይደለም ነው።

ወይዘሪት ሰብለ ለማተም ወረቀቱን ተቀበለችና መጽሐፉን አጠገቡ ዘረጋች። ጣሊያንኛ አታውቅም። ፊደሉን ግን ታውቃለች፣ ማኅተሟንም ሳታመሳክር አታሳርፍም። እርሳሷን ቃል በቃል አስኬደችና አንድ ቦታ ላይ አቆመችው።

«እዚህ ሁለት ስም አለ። እርስዎ አንድ ጽፈዋል።»

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ረስተው ነው?»

«አይደለም» አልኳት። ለምን እውነቱን እንደተናገርኩ አላውቅም፤ ምናልባት «እርስዎ» ማለቷን ስላልተወች ይሆናል።

ወረቀቱን መለሰችልኝ። «ጥራዙ ነገ ጧት ፖስታ ቤት ይገባል። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እዚህ ነኝ። ሙሉውን ካመጡ አትማለሁ። ካልፈለጉ ደግሞ ባዶ እጅዎን መቅረብ ይችላሉ። ይህ ማኅተም ግን በጎዶሎ ነገር ላይ አያርፍም።»

ቁልቁል ወደ መርካቶ የሮጥኩበትን መንገድ ዛሬም እግሬ ያስታውሰዋል። ፀሐዩ ከአናት ነው፣ አቧራው ጥርስ ውስጥ ይንኮሻኮሻል፣ ጾመኛው ሁሉ በጥላ ተኮራምቷል። እትዬ ትርፌ ለአንድ ባለ ጋሪ ገመድ ስትለካ አገኘኋት። ሰውየው እስኪሄድ መጠበቅ ስላልቻልኩ እሱ ቆሞ እየሰማ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሁለቱን ስሞች፣ እኔ አንዱን መዝለሌን፣ ማኅተሙን መከልከሌን።

ገመዱን ለክታ ጨረሰች፣ ቆረጠች፣ ሰውየውን ሸኘች። ከዚያ ጥቅሉ ላይ ተቀመጠች።

«ጋሽ ገብሬ» አለች። «ጥምቀት በትከሻው ተሸክሞኝ ጃንሜዳ ይወስደኝ ነበር። ተሸካሚ ነበር የሚመስለኝ። ሲሞት አባቴ ሱቁን ዘግቶ ሰነበተ። ለምን እንደሆነ ልጅ ነበርኩና አልጠየቅሁም።»

«እትዬ፣ ሁለቱንም ካቀረብን ግማሹን ያጣሉ።»

«ሰማሁህ።»

«ይህ ወረቀት ባይቀርብ ደግሞ ሁሉንም ሊያጡ ይችላሉ። አንዱን ስም ብቻ የምናቀርብበት ሌላ መንገድ ብፈልግስ? ፎቶ አንሺ ይዤ ሄጄ...»

«ግርማ» አለችኝ። በስሜ የምትጠራኝ ስትቆጣ ብቻ ነው። «አባቴን ዘበኛ ብለው ስሙን ሲያጠፉት እንቅልፍ አጣሁ። እኔ ደግሞ የሰው አባት ስም ላጥፋ? ሂድ፣ ሁለቱንም ጽፈህ ና። መጽሐፉ ሳይሄድ።»

በሴይቼንቶ ተመለስኩ፤ ትርጉሙ ሥር እንዲፈርም ጋሼ መንገሻን ከጋራዡ ጭኜው ሄድኩ። ወይዘሪት ሰብለ ጥራዙን በወፍራም ወረቀት መጠቅለል ጀምራ ነበር። መልሳ ፈታችው። አዲሱን ገጽ ራሷ ታይፕ አደረገችው፣ አመሳከረችው፣ አተመችው። ስለ ጧቱ ነገር ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

በመጋቢት ቀጠሮ ዳኛው ገጹን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። አቶ በቀለ ወረቀቱን ለማየት ጠየቀና ተሰጠው። ኮፍያውን አውልቆ በብብቱ ያዘ፣ በአባቱ ስም ሥር ጣቱን አስኬደ፣ መልሶ ከመጀመሪያው አስኬደው። ዳኛው «ምን ይላሉ?» ሲሉት ወደ እሷ ዞሮ «እንዴት ይህን ራስሽ ታመጪዋለሽ?» አላት። እትዬ ትርፌ «አባቶቻችን ያደረጉትን ነው ያመጣሁት» አለችው። ዳኛው በሽማግሌ እንዲጨርሱ ጊዜ ሰጧቸው። ሱቁ ለሁለት ተከፈለ፤ የመንገዱ ወገን ለእሷ፣ የኋላው ለእሱ ደረሰ። የኋላው ማለት የእኔ ክፍል ነው። በሚያዝያ ዕቃዬን በጋሪ ጭኜ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሌላ ቤት ገባሁ። ሁለቱም ፍጹም ወዳጆች አልሆኑም፤ በክረምት በጣራ ውሃ ሲጣሉ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ዘበኛ የሚለውን ቃል ግን ከዚያ ወዲያ ያነሣው የለም።

ሐኪም ቤት ያገኘሁት ወጣት ተራው ደርሶ ሲነሣ ያን ሁሉ ልነግረው ብዬ ተውኩት። ቀርቶም ደህና ሆነ፤ ምክንያቱም እንደ ልማዴ አጉድዬ እነግረው ነበር። በጥብቅና ዘመኔ ሁሉ ይህን ታሪክ ለጀማሪ ጠበቆች ነግሬያለሁ። ከባሕር ማዶ የመጣውን ጥራዝ፣ መካኒኩን፣ የዳኛውን ንባብ እነግራቸዋለሁ፤ እነሱም የእኔን ትጋት ያደንቃሉ። የገብሬን ስም የዘለልኩበትን ጧት ግን አንድም ቀን አልነገርኳቸውም። ወይዘሪት ሰብለ ካመሳከረችው በኋላም ቢሆን፣ ከዚያ ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር ስዘል ኖሬያለሁ። አሁን ሁለቱም ሴቶች ሞተዋል፤ ማንም የሚያመሳክርብኝ የለም። ስለዚህ ዛሬ ሙሉውን ጻፍኩት።